ዋንጫውን በዝናብ የተቀበለው ሰው

የታሪክ ተማሪ ሲባል ንጉሥና ጦርነት፣ ውልና ድንበር የሚቆጥር ሰው ይመስላል። ታዲያ የአንድ ጎልፍ ተጫዋች ሕይወት ደግሞ ታሪክ ነው ወይ? ብሎ የሚጠይቀን አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን አሁን አንሰጥም፤ ሰውየውን ካወቅነው በኋላ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከመካከላችን የጎልፍ ዱላ የጨበጠ ይኖራል ብለን አንገምትም። ጨዋታው ሲነገሩት ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ ይመቷታል፤ ሰፊውን መስክ አቋርጣ ጉድጓድ ውስጥ እንድትገባ ነው። ጉድጓዶቹ 18 ናቸው። ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ትልልቆቹ ውድድሮች አራት ቀን ያህል ስለሚፈጁ ተጫዋቹ ጉድጓዶቹን አራት ጊዜ ይዞራል። ጎበዝ ዓይን፣ የረጋ እጅና ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን መሬት ይፈልጋል፤ ብዙ፣ ለስላሳ፣ ውሃ የጠጣ መሬት። ስለዚህም በየአገሩ የባለጸጎች ጨዋታ ሆኖ ኖሯል።

ይሁንና ሜዳውን የሚረግጠው ተጫዋቹ ብቻ አይደለም። ሣሩን የሚያጭድ አለ። ከረጢት ሙሉ ዱላ ተሸክሞ ከጌታው ኋላ ኋላ የሚሄድ፣ የጠፋችውን ኳስ ቁጥቋጦ ገብቶ የሚፈልግ ልጅ አለ። ይህን ልጅ በጎልፍ ቋንቋ «ካዲ» ይሉታል። የዛሬው ባለታሪካችን ከዚህ ወገን የወጣ ነው። ስሙ ሰውሰንከር ሰውጎሉም ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን «ፓፕዋ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓፕዋ የተወለደው በ1928 በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል ግዛት፣ በደርባን ከተማ ነው። ዘሩ ከሕንድ ነው። ሕንዶች ደርባን ምን ሊሠሩ ሄዱ? ቢባል መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ሸንኮራ አገዳ። እንግሊዞች ናታልን ከያዙ በኋላ የአገዳ እርሻ አስፋፉ፤ ዙሉዎቹ ግን የገዛ መሬትና ከብት ስለነበራቸው ለባዕድ እርሻ ጉልበታቸውን በርካሽ ለመሸጥ እሺ አላሉም። እንግዲህ ጉልበት ከሕንድ መጣ። በኅዳር 1860 «ትሩሮ» የተባለችው መርከብ የመጀመሪያዎቹን የኮንትራት ሠራተኞች ደርባን ወደብ ላይ አራገፈች። ከዚያ እስከ 1911 ድረስ ከ150 ሺህ በላይ ሕንዶች በዚሁ መንገድ ናታል ገቡ። ኮንትራቱ አምስት ዓመት ነበር። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ አብዛኛው አልተመለሰም፤ እዚያው አትክልት እየተከለ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ እየነገደ ልጅ ወለደ። በ1893 ደርባን የደረሰው ወጣቱ ጠበቃ ጋንዲም የትግልን ሀሁ የቆጠረው በእነዚሁ ሕዝቦች መካከል ነው።

ፓፕዋ እንግዲህ ከዚህ ሕዝብ፣ እሱም ከድሃው ክፍል ተወለደ። ትምህርት ቤት በቅጡ አልገባም። በሰፈሩ አቅራቢያ ቢችውድ የሚባል የነጮች የጎልፍ ክለብ ነበር፤ እዚያ ካዲ ሆኖ ተቀጠረ። ዱላ መግዣ ከየት ይመጣል? የመጀመሪያ ዱላው ከዛፍ ቅርንጫፍ የተቀረጸ እንደነበረ ይነገራል። አስተማሪ አልነበረውም፤ ያየውን ብቻውን እየሞከረ ለመደ።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው የጎልፍ ዱላ ሲይዝ ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኝ እጁን ከታች ያደርጋል። የትም አገር አስተማሪው መጀመሪያ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ፓፕዋ ግን ግልብጡን ያዘ፤ ቀኙን ከላይ፣ ግራውን ከታች። ይህ አያያዝ በጎልፍ መጻሕፍት ዘንድ ስሕተት ነው። እንዲህ የያዘ ሰው ኳስ አይመታም ባይባልም ሩቅ አይሄድም ይባላል። «እንዲህ አይያዝም» ብሎ እጁን የሚያርመው ሰው ባለማግኘቱ ፓፕዋ በተገለበጠው እጁ ዓለምን የሚያስደንቅ ተጫዋች ሆነ። በኋላ የአውሮፓ ባለሙያዎች ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኳሷ ግን ጉድጓድ ትገባ ነበር፤ ምን ይዋጣቸው!

በደርባን ግሬም ዉልፍ የሚባል ነጭ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበረ። ዛሬ ኦሌይ በሚል ስም በየመደብሩ የሚሸጠውን የፊት ቅባት የፈለሰፈው እሱ ነው። ፓፕዋ በዚህ ሰው ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ዱላውን ይሸከምለት ነበር። ዉልፍ የልጁን ጨዋታ ሲያይ ዱላ ተሸካሚ ሆኖ የሚቀር ሰው አለመሆኑ ገባው። በ1959 በራሱ አውሮፕላን ጭኖ አውሮፓ ወሰደው።

በዚያ ዓመት ፓፕዋ የሆላንድን ኦፕን ውድድር አሸነፈ። በ1960 ተመልሶ ደገመው። በ1964 ሠለሰው። ይህ ውድድር በአውሮፓ ከሚታወቁት የአገር ሻምፒዮናዎች አንዱ ነው። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ የቦታው ምርጫ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሥልጣን ይዘው የነበሩት አፍሪካነሮች የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት፣ ቋንቋቸውንም የወረሱት ከሆላንድ ነው። እንግዲህ ፓፕዋ በእነሱ አያቶች አገር ሦስት ጊዜ ዋንጫ ተቀበለ፤ እጁን ጨበጡት፤ አዳራሽ አስገቡት። አገሩ ሲመለስ ግን የከተማ አውቶቡስ ላይ እንኳ የሚቀመጥበትን ወንበር የሚመርጥለት የቆዳው ቀለም ነበር።

ሕጉ እንዴት ይሠራ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚመጣው ነገር ተራ ብልግና ብቻ መስሎ ይቀራል። ናሽናል ፓርቲ የተባለው የአፍሪካነሮች ፓርቲ በ1948 ሥልጣን ያዘ። በ1950 የወጣው የመኖሪያ አካባቢ ሕግ ከተሞችን በዘር ሸነሸነ፤ ይህ ለነጭ፣ ያ ለሕንድ፣ ያኛው ለጥቁር ተባለ። በ1953 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ባቡሩን፣ መናፈሻውን፣ የባሕር ዳርቻውን ለየ። በስፖርት ላይ በ1956 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዶንገስ «ነጭና ነጭ ያልሆነ ለየብቻው ይጫወት» የሚል መመሪያ አወጀ። ልብ በሉ፤ «ሕንድ ከነጭ ጋር ጎልፍ ቢጫወት ወንጀል ነው» የሚል አንቀጽ አልተጻፈም ነበር። አያስፈልግማ! ሜዳው በነጭ አካባቢ ነው፤ ነጭ ያልሆነ ሰው እዚያ ለመገኘት ፈቃድ ይፈልጋል። የክለቡ ቤት፣ የልብስ መቀየሪያው፣ የምግብ አዳራሹ የነጭ ነው። ጨዋታውን ሳይከለክሉ የሚጫወቱበትን ምድር መከልከል ይቻላል። የአፓርታይድ ተንኮል ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በዚህ ነው፤ ጭካኔውን በሊቀመንበር ፊርማና በማኅተም ያደርገው ነበር።

በጥር 1963 ፓፕዋ ተፈቅዶለት በናታል ኦፕን ተወዳደረ። ቦታው ደርባን ካንትሪ ክለብ ነው። የተወዳደሩት ሌሎቹ ነጮች ናቸው። ሌሎቹ በክለቡ ቤት ሲያርፉና ሲበሉ እሱ ወደዚያ አይገባም፤ ከሜዳው ሲወጣ ማረፊያውን በውጭ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ችሎ አሸነፈ።

የሽልማቱ ሰዓት ሲደርስ ዝናብ ጣለ። ነጮቹ ክለቡ ቤት ውስጥ ተጠለሉ። ሻምፒዮኑ ግን ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ዋንጫውን ተቀበለ። በዚያች ደቂቃ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ታተመ። ዋንጫው በመስኮት ነው የተሰጠው ብለው የሚተርኩ አሉ፤ ሥነ ሥርዓቱ ድሮም ቢሆን ውጭ ነበር ብለው የሚከራከሩም አልጠፉም። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ይህን የመሰለ ክርክር ስናገኝ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ክርክሩ ከዋናው ነገር እንዳያስተን መጠንቀቅ ይገባል። መስኮት ኖረም አልኖረም፣ ያን ቀን በዚያ ሜዳ ላይ «እባካችሁ ከዝናቡ ልጠለል» ብሎ በሩን ገፍቶ መግባት የማይችለው ሰው አሸናፊው ራሱ ነበር። ዝናቡን ማንም አላዘዘውም። በሩን ግን ሕግ ዘግቶታል።

በዚያው ዓመት በጋ ፓፕዋ እንግሊዝ አገር ሊታም ላይ በተደረገው የብሪታንያ ኦፕን ተወዳድሮ ከሌሎች ጋር እኩል 13ኛ ወጣ። ይህ በጎልፍ ዓለም ከሁሉ የሚከበረው ውድድር ነው። ያን ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ኒውዚላንዳዊው ቦብ ቻርልስ በግራ የሚመታ ተጫዋች ነበር፤ ከሱ በፊት ትልቁን ዋንጫ የወሰደ ግራኝ አልነበረም። ግራኙ ሲያሸንፍ፣ እጀ ግልብጡ 13ኛ ሲወጣ፣ መጽሐፉ ያላወቃቸው ሁለት ሰዎች ባንድ ሜዳ ተገናኙ ማለት ነው።

ስለ ፓፕዋ ሲነገር ጋሪ ፕሌየርን ማንሣት ግድ ነው። ፕሌየርም ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ በ1935 ተወለደ። አባቱ የወርቅ ማዕድን ሠራተኛ ስለነበር እሱም ከባለጸጋ ቤት አልመጣም። በ1959፣ ፓፕዋ ሆላንድን ባሸነፈበት ዓመት፣ ፕሌየር የብሪታንያ ኦፕንን አሸነፈ። ሁለት ወጣቶች፣ አንድ አገር፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዋንጫ። ነገር ግን አንደኛው ወደ አሜሪካ እየተመላለሰ በነጻነት ሲወዳደርና ሲበለጽግ ሌላኛው የሰፈሩን ሜዳ ለመርገጥ ማመልከቻ ይጽፋል፤ እሱንም ሌላ ሰው ይጽፍለታል።

በ1965 ሁለቱ በናታል ኦፕን ተገናኙ። ፓፕዋ ፕሌየርን አስከትሎ አሸነፈ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ፕሌየር በዚያው ዓመት የአሜሪካን ኦፕን አሸንፎ አራቱን ታላላቅ ውድድሮች ሁሉ ከወሰዱት ከጣት የማይበልጡ ሰዎች ጋር የተቆጠረ ተጫዋች ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በገዛ አገሩ ያሸነፈ ካዲ ምን ይጠብቀዋል? በሌላ አገር ቢሆን ገንዘብና ዝና። በደቡብ አፍሪካ ግን የመጣው ሌላ ነገር ነው። በ1965 የወጣ አዋጅ በሕዝብ መዝናኛ ቦታ መገኘትን ጭምር በፈቃድ ሥር አደረገ። ከ1966 ጀምሮ ፓፕዋ በነጮች ውድድር እንዲገባ ፈቃድ ተነፈገ። ተመልካች ሆኖ ገመድ ዳር መቆም እንኳ ተከለከለ። ፓስፖርቱ ተወሰደበት፤ ስለዚህ ሆላንድም ቀረች።

ለምን? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከፖለቲካው ይልቅ ከጨዋታው ጠባይ ይገኛል። በጎልፍ ዳኛ የሚያዳላበት፣ ቡድን የሚሸፈንበት ቦታ ጠባብ ነው። ምት ይቆጠራል፤ ያነሰው ያሸንፋል። «ነጭ ይበልጣል» ብሎ የተመሠረተ መንግሥት እንዲህ ያለ ሒሳብ አይወድም። አንዴ ሲሆን «አጋጣሚ ነው» ይባላል። ሁለተኛ፣ እሱም በፕሌየር ላይ ሲሆን፣ ሒሳቡን ማስተባበል አይቻልም፤ የሚቻለው ቆጣሪውን ማባረር ነው። አባረሩት።

በዚህ ጊዜ አፍሪካ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የኢትዮጵያ ስም የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አራቱ መሥራቾች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድትጫወት ዕጣ ወጣ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ተሰናበተች፤ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሲሆኑ፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ይህንኑ አቋም ይዘው ኖረዋል። በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የደቡብ አፍሪካ ነጭ ቡድን በዚያው ኦሊምፒክ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አፓርታይድ እስኪወድቅ ድረስ ኦሊምፒክን አላየውም። በዚያው በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ስለ ናሚቢያ ጉዳይ በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ክሱ በ1966 ውድቅ ሆነ። ፓፕዋ ዋንጫውን በዝናብ በተቀበለ በአራተኛው ወር፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ አፓርታይድም ከመጀመሪያዎቹ የስብሰባው አጀንዳዎች አንዱ ነበር።

ይህ አቋም ዋጋ አስከፍሏል። በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲወጡ ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩጽ ይፍጠር ለዚያ ውድድር ተዘጋጅቶ ሳይሮጥ ቀረ። እሱ ግን በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ፤ ያለፈውን በእጥፍ አስከፈለ ማለት ይቻላል። ፓፕዋ የሚያስከፍልበት ሌላ ውድድር አልተሰጠውም።

ፕሌየር ምን አደረገ? በ1966 ባወጣው መጽሐፍ የመንግሥቱን ፖሊሲ ደግፎ ጻፈ። በዚህም ምክንያት በ1969 አሜሪካ ውስጥ በዴይተን ከተማ ሲጫወት ተቃዋሚዎች በረዶ ፊቱ ላይ ደፉበት። ኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ በ1971 ጥቁሩን አሜሪካዊ ተጫዋች ሊ ኤልደርን ደቡብ አፍሪካ ጋብዞ አጫወተ፤ ውሎ አድሮም አፓርታይድን በግልጽ ነቀፈ። ሰው መለወጡን አንንቅም። ነገር ግን ለመለወጥ ጊዜ ማግኘትም ራሱ ዕድል ነው። ፕሌየር ለመሳሳትና ለመታረም ረዥም ዕድሜና ክፍት ሜዳ ነበረው። ፓፕዋ ያልተሳሳተውን ሰው ቦታ ይዞ ሁለቱንም አጣ።

ከመካከላችን «ፓፕዋ ታጋይ ነበር ወይ?» ብለው የተከራከሩ አሉ። ሰልፍ አልመራም፤ ድርጅት አላቋቋመም። ገጣሚው ዴኒስ ብሩተስ ስለ ስፖርት እኩልነት በመታገሉ በ1963 በጥይት ቆስሏል፤ ሮበን ደሴትም ታስሯል። ፓፕዋ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። የፈለገው መጫወት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ዘመን «ልጫወት» ማለት ብቻውን ሥርዓቱን የሚያናጋ ቃል ይሆናል። እሱን ጀግና ብሎ መስቀል ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መርሳትም ቀላል ነው። ከባዱ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሰውየው ወዴት ሄደ? ብሎ መጠየቅ ነው።

የሄደውማ ወደ ቤቱ ነው። የኋለኛውን ዕድሜውን በድህነት ኖረ። በሐምሌ 1978 በልብ ድካም ሞተ፤ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። አፓርታይድን ያፈረሰው ምርጫ በ1994 ሲመጣ እሱ ካረፈ 16 ዓመት ሆኖታል። በደርባን፣ በኡምጌኒ ወንዝ አጠገብ፣ በስሙ የተጠራ የከተማው የጎልፍ ሜዳ አለ። ፈቃድ ለተነፈገ ሰው ሜዳ መሰየም መልካም ነው፤ ሜዳው ግን ያመለጡትን ዓመታት አይመልስም።

ከመነሻችን ያቆየነውን ጥያቄ አሁን እንመልስ። የታሪክ ትምህርታችን የሆነውን እንድንመዘግብ ያስተምረናል፤ ሰነድ አምጡ ይለናል። የፓፕዋ ዋንጫዎች ሰነድ አላቸው፤ 1959፣ 1960፣ 1963፣ 1964፣ 1965 ተብለው ተጽፈዋል። ከ1966 በኋላ ሊያሸንፋቸው ይችል የነበሩት ግን ሰነድ የላቸውም። በየመዝገቡ የሌላ ሰው ስም ተጽፎባቸዋል፤ ያም ሰው አልሰረቀም፣ በሐቅ ተጫውቶ አሸንፏል። በዚህ ዓይነት የግፍ መንግሥት ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ አንድ ጊዜ ሥራውን ይከለክላል፣ ሁለተኛ ደግሞ ያልተሠራው ሥራ ምልክት ስለሌለው «ድሮስ ማን ነበረ?» ያሰኛል። እንግዲህ መዝገብ ስናገላብጥ የአሸናፊዎችን ስም ብቻ ሳይሆን ማን እንዲገባ እንዳልተፈቀደለት ጭምር መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው። በፋብሪካው፣ በትምህርት ቤቱ፣ በመሬት ይዞታው መዝገብም ጥያቄው ያው ነው።

ፓፕዋ በተገለበጠ እጁ ኳሷን ቀጥ አድርጎ ይመታ ነበር። የተገለበጠው ሌላ ነገር ነበር።